ከኋላ ጎማ የሚንጠባጠብ ዘይት የፍሬን ጉዳይ ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲሚንቶ ከጫኑ ከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋሁ የእንጦጦን ቁልቁለት ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው ፍሬኑን እንደ ዓይኑ ብሌን ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ስለዚህም ብዙዎቻችን «ዘይት ጨምርበትና ንዳው» ብለን ስለምናልፈው የኋላ አክስል (ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ) ዘይት ማፍሰስ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ባለፈው ክረምት በአሮጌዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ መኪናዬ የግራ የኋላ ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ዘይት ተለጥፎ አየሁ። ወፍራምና እንደ ድኝ የሚከረፋ ስለነበረ የፍሬን ሳይሆን የዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ቤት፣ ዘይት መሆኑን ለመለየት አላስቸገረኝም። ጋራዥ ወስጄ ዘይቱን የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት፣ ማለትም ኦይል ሲሉ፣ ተቀየረልኝ፤ በዘይት የራሰው የፍሬን ሸራ ግን በቤንዚን ታጥቦ ተመልሶ ተገጠመ። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ጎማ እንደገና ራሰ፤ ፍሬን ስይዝም መኪናዬ ወደ ቀኝ ትስብ ጀመር። ዘይት የጠጣ ሸራ በአንዱ ጎን መያዝ ሲያቅተው ሌላው ጎን መኪናውን ወደ ራሱ ይጎትታልና፣ ይህን በቁልቁለት ላይ ማወቅ እጅግ አስደንጋጭ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ሥራውን በግቢዬ ራሴ ሠራሁት። የፊት ጎማዎቹን ታኮ አድርጌ የኋላውን በክሪክ ካነሣሁ በኋላ ክብደቱን በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍሁ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ አደራ እላለሁ። የዲፈረንሻሉን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሜ፣ ጎማውንና ሸራውን የሚሸፍነውን የፍሬን ታምቡር አውጥቼ፣ የፍሬን ቱቦውንና የእጅ ፍሬኑን ገመድ ፈትቼ፣ በመጨረሻም አራቱን ዳዶዎች አላቅቄ አክስሉን ከሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ጋር ቀስ ብዬ ሳብሁት።

አሮጌውን ሲል ነቅሎ አዲሱን መትከል የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ነገር ለምን እንዳፈሰሰ መፈለግ ነው። ሲሉ የሚያርፍበትን የአክስሉን ክፍል በጥፍሬ ዳሰስሁት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ቢኖር ኖሮ አዲስ ሲልም አይጠቅመውም ነበር። ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር አይንኳኳም፣ አይሻክርምም። ችግሩ የተገኘው ማንም ባላየው ቦታ፣ በአክስሉ ቤት አናት ላይ ባለችው ትንሽ መተንፈሻ ነበር፤ በክረምቱ ጭቃ ሙሉ በሙሉ ተደፍናለች። መኪናው ሲሄድ ዘይቱና በውስጥ ያለው አየር ይሞቃሉ፤ የሞቀው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ ከንፈር፣ ማለትም አክስሉን በሚነካው ጠርዝ፣ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። መጀመሪያ የተገጠመልኝ ሲል ጥሩ ሆኖ ሳለ ከሦስት ወር በላይ ያልቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መተንፈሻዋን በሽቦና በቤንዚን ካጸዳሁ በኋላ፣ አሮጌውን ሲል ይዤ ወደ መኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄድሁና በፊቱ ላይ የታተመውን ቁጥር አመሳክሬ ተመሳሳዩን ገዛሁ። ከንፈሩን ዘይት ቀብቼ፣ ስፋቱ የሚመጥን ቧንቧ ደግፌ ዙሪያውን እኩል እየመታሁ አስገባሁት፤ አክስሉም ሲመለስ ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ከንፈሩን እንዳይቆርጡት ቀጥ አድርጌ ያዝሁት። የፍሬን ሸራውን በሁለቱም ጎን በአዲስ ቀየርሁ፤ የፍሬን ቱቦው ተፈትቶ ስለነበረ አየሩን አስወጣሁ፤ 80/90 የዲፈረንሻል ዘይትም እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ጎማው ደረቅ ነው።

ኩሽኔታው የሚጮህበት ሰው ግን ይህን በግቢው አይሞክረው፤ ኩሽኔታው በአክስሉ ላይ በፕሬስ የተጫነ ስለሆነ በመዶሻ የሚወጣ አይደለም።

በጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞቼን የምለምነው፣ ሲል ስትቀይሩ መተንፈሻውን እንድታዩና የራሰ ሸራ አጥባችሁ እንዳትመልሱ ነው። የመኪና ዓመታዊ ምርመራ የምታደርጉም ከኋላ ጎማዎች ጀርባ በእጅ ባትሪ ለአንድ ደቂቃ ብታበሩ፣ ማፍሰሱን ሳይባባስ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከሱሉልታ