የታላቁ ሩጫ ዝግጅት በጥቅምት ሲጀመር አጥንት ይሰነጠቃል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ገጻችሁ «በጉዳት ምክንያት አይሰለፍም» የምትል ዐረፍተ ነገር አትጠፋም። የትኛው ጉዳት እንደሆነ ግን አይነገረንም። ቀድሞ መከላከል እየተቻለ ሯጩን ለወራት ከሚያስቀምጡት አንዱ ሐኪሞች ስትረስ ፍራክቸር የሚሉት ነው፤ ሰው ሳይወድቅና ሳይጋጭ በእርምጃ ብዛት ብቻ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ማለት ነው። አሁን ሐምሌ ነው፤ ታላቁ ሩጫ ኅዳር ላይ ነው፤ መካከሉ 16 ሳምንት ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው ግን ቲሸርቱን ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥና ጥቅምት ሲገባ ነው ጫማውን የሚፈልገው። ደብዳቤውን ዛሬ የጻፍነው ለዚህ ነው።

አጥንት ጫና ሲበዛበት ራሱን ያድሳል። መጀመሪያ የተጎዳውን ቦርቡሮ ያወጣል፤ ይህ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። የተቦረቦረውን በአዲስ አጥንት ለመሙላት ግን ሦስት ወር ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ልምምድ በተጀመረ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አጥንቱ ከመነሻው ይልቅ ሳስቶ ይገኛል። ክፋቱ፣ ትንፋሽ የሚከፈተውም በዚያው ሰሞን ነው። ሯጩ «አሁን ገና ሞቀልኝ» ብሎ ኪሎሜትሩን እጥፍ ያደርገዋል፤ ቅልጥሙም በዚያች ሳምንት ይሰነጠቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1855 እ.ኤ.አ. ብራይትሀውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም መንገድ የተጓዙ ወታደሮች እግራቸው እያበጠ እንደሚያማቸው ጽፏል፤ ሕመሙ ከአጥንት ስንጥቅ እንደሚመጣ የታወቀው ኤክስሬይ ከመጣ በኋላ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የእስራኤል ጦር ለምልምሎቹ ቢያንስ 6 ሰዓት እንቅልፍ ደንግጎ የጉዞውን ኪሎሜትር ሲቀንስ ስንጥቁ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ሌሊት ጥቂት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ንጋት 11 ሰዓት ለሩጫ የሚነሣ ሰው ይህን ልብ ይበል።

እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ሁለት ቀን ተከታትሎ መሮጥ አይገባም። በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 4 በ1፣ ከዚያ 8 በ1 እያለ ይሄዳል። በየአራተኛው ሳምንት ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛው ይቀነሳል። ሰው አልሰማ የሚለው ይህን ነው፤ «አልደከመኝ፣ ለምን እቀንሳለሁ?» ይላል። የሚቀነሰው የተቦረቦረው እስኪሞላ እንጂ ለድካም አይደለም። አራተኛው የሩጫ ቀን ከ8ኛው ሳምንት በኋላ ይጨመራል። የሳምንቱ ረጅም ሩጫ ባለፈው አንድ ወር ከተሮጠው ረጅሙ ከ10 በመቶ በላይ አይብለጥ፤ 6 ኪሎሜትር ላይ የደረሰ ሰው ቀጥሎ 6 ተኩል እንጂ 9 አይሞክርም። ርቀትና ፍጥነትም በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም።

በክረምት እንጦጦም ጃን ሜዳም ስለሚጨቀይ ሰው ወደ አስፋልት ይወርዳል። አስፋልት ራሱ ጠላት አይደለም፤ ውድድሩም የሚካሄደው እዚያው ላይ ነው። ችግሩ ድንገት መቀየሩ ነው። አፈር የለመደ እግር በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስቱ ቀን አንዱን ብቻ አስፋልት ላይ ይሩጥ። ከአስፋልት የባሰው ቁልቁለት ነው፤ በ9 ዲግሪ ቁልቁለት እግር መሬት ሲመታ የሚነሣው ኃይል ሜዳ ላይ ካለው በ54 በመቶ በልጦ ተለክቷል። በታክሲ እንጦጦ ወጥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ እየተንደረደሩ መውረድ ለሳንባ ሽርሽር ነው፣ ለቅልጥም ግን ዱላ። ዳገቱን ሮጦ ቁልቁለቱን በእርምጃ መውረድ ይሻላል።

እርምጃ ማስረዘምም እንዲሁ ይጎዳል። ቀኝ እግር መሬት የሚነካበትን ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነው፤ የደቂቃው እርምጃ ብዛት ይወጣል። 160 ከመጣ፣ ፍጥነት ሳይጨምሩ እርምጃውን አሳጥሮ 168 ማድረስ በቅልጥምና በዳሌ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል። ስለ ጫማ ብዙ አንልም፤ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ድርሻ ነው ያለው።

ባት ግን ትልቅ ድርሻ አለው። የባት ጡንቻ ሲደክም ቅልጥም አጥንት የሚታጠፍበትን ኃይል የሚመክተው ይጠፋል። ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ዝቅ ከፍ ማድረግ፣ 12 ጊዜ በ3 ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፤ አንዱን ዙር ጉልበት አጠፍ አድርጎ፣ ሲቀልም በጀርባ ቦርሳ ክብደት ተሸክሞ። ዝላይም ይጨመርበት። አጥንት የሚጠነክረው ከተለያየ አቅጣጫ በሚመጣ አጭርና ጠንካራ ምት ነው፤ ጥቂት ደርዘን ጊዜ ከተመታ በኋላ ስሜቱ ይደነዝዛል፣ የሚመለስለትም ከሰዓታት በኋላ ነው። ልጆች በጠመኔ አስምረው የሚጫወቱት ሰኞ ማክሰኞ፣ በአንድ እግር ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ዞሮ መመለስ፣ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሕመም የሌለበት ሰው በእያንዳንዱ እግር 10 ዝላይ በ3 ዙር ቢሠራ ይበቃዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጥንት የሚሳሳው በምግብ ማነስ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ጠዋት ሮጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሰውነቱ ለጥገና የሚያውለው አያገኝም። ጾሙን አትጹሙ አንልም፤ ሩጫውን ወደ 8 ሰዓት ወይም ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፣ ከሩጫው በኋላ ወዲያው እንዲበሉ። አንድ አዋቂ በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። ወተት በሌለበት ጎመን፣ ያልተፈተገ ሰሊጥ (ሁለት የሾርባ ማንኪያ 175 ያህል) እና የጤፍ እንጀራ ይተኩታል። ቫይታሚን ዲም ሊጎድል ይችላል፤ በክረምት ደመና፣ ሳይነጋ፣ እጅጌ ረጅም ለብሶ የሚሮጥና ቀኑን ቢሮ የሚውል ሰው የኢትዮጵያ ፀሐይ አይደርሰውም። የወር አበባዋ 3 ወር የቀረባት ሴት ሯጭ ደግሞ «ልምምድ ስለከበደ ነው» ብላ ትታው አትለፍ፤ የምትበላው ከምትሮጠው አንሶ አጥንቷ መሳሳት እንደጀመረ ሊያመለክት ይችላልና ሐኪም ያያት።

ሕመም ሲመጣ በአውራ ጣት የቅልጥሙን የውስጥ ጠርዝ እየጫኑ መውረድ ነው። ሕመሙ መዳፍ በሚያህል ርዝመት ከተዘረጋ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ነው፤ ሩጫውን ቢያንስ በግማሽ መቀነስ ይበቃው ይሆናል። በአንድ ጣት የሚሸፈን ነጥብ ላይ ብቻ ጠቅ ካደረገ፣ ሲራመዱም ካመመ፣ ሌሊትም ከቀሰቀሰ ግን ስንጥቅ ነው ብሎ መቆም ይገባል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት፣ ዳይክሎፌናክ ውጦ መሮጥ፣ «ሩጥበት ይፍታታል» የሚለውን መስማት፣ ሦስቱም ስንጥቁን ሊያሰፉ ይችላሉ። ኤክስሬይ ንጹሕ ወጣ ብሎ መመለስም እንደዚሁ ያታልላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በኤክስሬይ አይታይም፣ ኤምአርአይ ግን ያሳየዋል። ብዙው የቅልጥም ስንጥቅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕረፍት ይፈልጋል፤ ወደ ሩጫ የሚመለሱት 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ለተከታታይ ቀናት ያለ ሕመም ከተራመዱ በኋላ ነው።

ሲረግጡ ብሽሽት ውስጥ ጠልቆ የሚያም ሕመም ለብቻው ይታይ። የጭን አጥንት አንገት (ከዳሌ መጋጠሚያው ሥር ያለው ቀጭን ክፍል) ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ዘሎ መሞከርም አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን በክራንች ተደግፎ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ከተላቀቀ በቀዶ ጥገና ነው የሚያያዘው። እግር ጀርባ መሐል ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት አንድ ነጥብ ላይ የሚያም ሕመምም ቀስ ብሎ ስለሚድን ችላ አይባልም።

አዘጋጆቹን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የቲሸርት ሽያጩን ዜና ስታወጡ ከጎኑ የ16 ሳምንት የልምምድ ሰሌዳ አትሙልን፤ በየአራተኛው ሳምንት ያለው ቅነሳ በደማቅ ፊደል ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና ሩጫ አሰልጣኞች፣ አዲስ አበባ