ባክቴሪያዎቹንም አትርሷቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ልብስ ሳሙና ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን ባክቴሪያዎቹን ዘላችኋቸዋል። የጃፓኑ ካኦ ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. ገበያ ያወጣው «አታክ» የተባለ ዱቄት ሳሙና ከባሲለስ ባክቴሪያ የተገኘ ሴሉሌዝ ነበረበት፤ ይህ ሴሉሎስን የሚሰባብር ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው። ኢንዛይሙ የክሩን ላላ ያለ ክፍል ብቻ ይነካል፤ እዚያ የተወሸቀው ቆሻሻ ይለቃል፣ ልብሱ ግን አይበላም። ብዙ ኢንዛይም አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነ ሳሙና ውሃ ውስጥ አቅም ያጣል፤ ለዚህኛው ግን አልካሊ ቤቱ ነው።

እንዲህ አልካሊ የሚወዱ ባክቴሪያዎች እኛም ጋ አሉ። አልካሊ በሆኑት የስምጥ ሸለቆ ሶዳማ ሐይቆቻችን ውስጥ ዛይላኔዝ የተባለ፣ ዛይላን የሚባለውን የእንጨት ክፍል የሚሰባብር ኢንዛይም የሚሠሩ ተገኝተዋል። ዛይላኔዝ የወረቀት ፋብሪካ ለማንጫ የሚጠቀመውን ክሎሪን ይቀንሳል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ከእነዚህ ሐይቆች አንዱ የሆነው አቢጃታ ደግሞ እየሸሸ ነው። እናንተ ግን ስለ ሐይቁ ወፍ፣ ስለ ፍላሚንጎው ብቻ ትጽፋላችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ