ቦካቺዮን ያሰጠማት እሳቱ ብቻ አልነበረም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቀይ ባሕር ስለ ደረሱ የመርከብ አደጋዎች በተነሣ ቁጥር፣ «አል ሰላም ቦካቺዮ 98» የምትባለው የመንገደኛና የተሽከርካሪ መርከብ «ተቃጥላ ሰጠመች» ተብሎ ይታለፋል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ምክንያት ይሸፍናል።

ቦካቺዮ እ.ኤ.አ. በ1970 ጣሊያን ውስጥ ተሠርታ እዚያው ለረጅም ዓመታት አገልግላለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ብዙ ሰው እንድትይዝ ፎቅ ተደረበላት፤ ቆይቶም ለግብፅ ኩባንያ ተሸጠች። ጥር 25 ቀን 1998 ዓ.ም. ምሽት ከሳውዲ ዐረቢያዋ የዱባ ወደብ ወደ ግብፅ የሳፋጋ ወደብ ስትነሣ ከ1,400 በላይ ሰዎች ተሳፍረውባት ነበር፤ አብዛኞቹ በሳውዲ ሠርተው የሚመለሱ ግብፃውያን ናቸው።

ወደቡን ከለቀቀች በኋላ መኪኖቹ በቆሙበት ወለል ላይ እሳት ተነሣ፤ ባሕርተኞቹም ውሃ እየረጩ ለሰዓታት ታገሉት። ይሁን እንጂ ውሃውን ወደ ውጭ ማስወጣት የነበረባቸው ቀዳዳዎች ተደፍነው ነበር። ይህ ወለል መኪኖች በአንዱ ጫፍ ገብተው በሌላው እንዲወጡ ሲባል ያለ መከፋፈያ ግድግዳ የተዘረጋ አዳራሽ በመሆኑ፣ የተጠራቀመው ውሃ በትሪ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ መርከቧ ወዳዘነበለችበት ጎን ሁሉ እየሮጠ ማዘንበሏን ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 በቤልጂየም ዜብሩገ ወደብ አጠገብ «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተባለች መርከብ ተገልብጣ 193 ሰዎች፣ በ1994 ደግሞ «ኤስቶኒያ» በባልቲክ ባሕር ስትሰጥም 852 ሰዎች ያለቁት በዚሁ ዓይነት ወለል ላይ በገባ ውሃ ነው። በእነዚያ መርከቦች ውሃው የገባው በፊት ለፊት በር ሲሆን፣ በቦካቺዮ ግን ያስገቡት መርከቧን ለማዳን የሚታገሉት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ።

ካፒቴኑ ወደ ዱባ እንዲመለስ ተሳፋሪዎች ለምነውት እንዳልሰማ ከሞት የተረፉት ተናግረዋል። ጥፋቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን በእርሱ ላይ መጫን የቀለለው እርሱም አብሮ ስለሞተና መልስ ስለማይሰጥ ይመስለኛል። መርከቧ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስትሰጥም የላከችውን የድረሱልኝ ምልክት የሰማው በስኮትላንድ የሚገኝ ጣቢያ ሲሆን፣ ርዳታው የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የኩባንያው ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ነጻ ቢባሉም፣ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሰባት ዓመት እስራት ፈርዶባቸዋል። ጋዜጣችሁ ስለ አደጋው ዳግም በሚጽፍበት ጊዜ፣ እሳቱ እንዴት ተነሣ ከማለቱ በፊት እነዚያን ቀዳዳዎች መመርመርና ማስጠረግ የማን ኃላፊነት እንደነበረ እንዲያነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ