የቅዳሜው ፊልም፦ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» (1948) አይተን እንወያያለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለውይይቱ መነሻ እንዲሆን፦ ዴ ሲካ ወደ ዳይሬክተርነት የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1923 በታቲያና ፓቭሎቫ የቴአትር ቡድን በተዋናይነት ጀመረ፤ በ1932 በማሪዮ ካሜሪኒ ፊልም የኮሜዲ ኮከብ ሆነ፤ የመጀመሪያ ፊልሙን ያዘጋጀው ግን በ1940 ነው። ለቅዳሜው ፊልም መሪ ተዋናይነት የመረጠው ደግሞ ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አካሄዱንና እጆቹን ልብ በሉ። ከካሜራው ጀርባ የመድረክ ሰው እንዳለ እዚያ ላይ ይታወቃል፣ ቢያንስ ለእኔ።

ፊልሙን በፍላሽ የምታመጡ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) የሆነውን ብቻ አምጡ። ባለ 25ቱ ፈጥኖ ስለሚሮጥና 89 ደቂቃውን ወደ 85 ስለሚያሳጥረው ለ24ቱ የተሠራው የግርጌ ጽሑፍ ከንግግሩ እየራቀ ይሄዳል። ፕሮጀክተሩም 4 በ3 (የምስሉ ወርድ ለቁመቱ) ላይ ይሁን፤ ካልሆነ ሰዎቹ ተለጥጠው ይወፍራሉ።

ለሚቀጥለው ወር አንዱን ምረጡ፦ ያዘጋጀውን «ኡምቤርቶ ዲ» (1952) ወይስ በሮሴሊኒ አዘጋጅነት የተወነበትን «ጄኔራል ዴላ ሮቬሬ» (1959)?

መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።