ቤሳ የሌለው የሳንቲም ክበብ

መስከረም ላይ የክበባት መመዝገቢያ ወረቀት በየክፍሉ ሲዞር፣ ከሚኒ ሚዲያው፣ ከቀይ መስቀሉና ከአካባቢ ጥበቃው ሥር በእጅ የተጨመረች አንዲት መስመር ነበረች፦ «ሳንቲም ማሰባሰብ»። ያን ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተሳቀብኝን ሳቅ አልረሳውም። «የቁጠባ ነው ወይስ የዕቁብ?» ያሉኝ ባልደረባዬ በኋላ ከቤታቸው ሁለት ስሙኒ ፈልገው ስላመጡልን ይቅር ብያቸዋለሁ። ሌሎቹን ገና እያሰብኩበት ነው።

መጀመሪያ ዘጠኝ ልጆች ተመዘገቡ። እውነቱን ለመናገር አራቱ ሚኒ ሚዲያ ሞልቶባቸው የመጡ ናቸው። ሰኔ ላይ ሠላሳ አንድ ደርሰናል።

ስለ ዓርብ ስብሰባዎቻችን ብዙ አልልም። ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ጸሐፊ ተመረጠ፣ ደንብ ወጣ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ከደንቡ ግን ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በክበባችን ገንዘብ አውጥቶ ሳንቲም መግዛት ክልክል ነው። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው መነሻው የገዛ ቤቱ ነው፦ የእናት መሳቢያ፣ የአያት ሙዳይ፣ ማንም የማይለብሰው ኮት ኪስ። ከቤት የሚወጣ ነገር ሁሉ የወላጅ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዞ ይመጣል። አንድ ወላጅ ደውለው «የአክሱም ዘመን ሳንቲም አለኝ፣ ለክበቡ ልስጥ?» ሲሉ ያልተቀበልነውም ንቀት ይዞን አይደለም። እንዲህ ያለው ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል ይነገራል እንጂ በተማሪ አልበም አይለጠፍም።

ማጠብም ክልክል ነው። ይህ ደንብ የወጣው ጥቅምት ላይ፣ ከጥፋት በኋላ ነው። አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ አያቱ ያቆዩለትን የ1936 አምስት ሳንቲም ሌሊቱን በሎሚና በአመድ ሲፈትግ አድሮ እንደ አዲስ ድስት እያብለጨለጨ አመጣው። ደስታው ፊቱ ላይ ነበር። የመዳቡን የስንት ዓመት ወዝ ከነምልክቱ እንደገፈፈው ስነግረው አቀርቅሮ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። አሁን ያቺ ሳንቲም የአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ናት፤ ለአዲስ አባል በቅድሚያ የምትታየው እሷ ናት።

«ይኼ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» ለሚሉኝ ደግሞ እነሆ። የግዕዝ ቁጥር ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩ ልጆች ፲፱፻፴፮ን ማንበብ አቅቷቸው ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከትንሽ ሳንቲም ላይ በአጉሊ መነጽር የሚያነቡ ሆኑ። ካነበቡ በኋላ ደግሞ ጥያቄው መጣ፦ «ቲቸር፣ የጃንሆይ ሳንቲም ሁሉ ለምን 1936 ይላል? ሌላ ዓመት አልሠሩም?» ሠርተዋል። ዓመቱን ሳይለውጡ ለዓመታት እዚያው ቀን ላይ እያተሙ ቀጠሉ እንጂ። ጠገራ ብርም እንዲሁ ነው። መልኳ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው በፈረንጆች 1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጥቷል። ሳንቲም ላይ የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ የተሠራበት ዓመት እንዳልሆነ የገባቸው ልጆች የታሪክ መጽሐፋቸውንም በጥርጣሬ ማንበብ ጀምረዋል። የታሪክ መምህሩ ቅሬታ ካላቸው በሬ ክፍት ነው።

ከቤተ ሙከራው ማግኔት ተውሰን ያሳለፍነው ዓርብም ነበር። ባለ አጋዘኗ የ1969 አሥር ሳንቲም ንቅንቅ አላለችም። መልኳ ያው የሆነ፣ ከኋላ የታተመች እህቷ ግን ዘላ ተለጠፈች። ውስጧ ብረት፣ ላይዋ ልባጥ ነው። ጫጫታው ከጎናችን ያለውን የሒሳብ ማጠናከሪያ ክፍል ስለረበሸ ይቅርታ ጠይቀናል።

ልጆቹን ከሁሉ ይበልጥ የያዛቸው ግን የስሙኒ ነገር ነው። የ1936 ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። መጠኑ ከብር ከተሠራው ሽልንግ፣ ማለትም ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብልጣብልጡ መዳቡን በብር እየለበጠ በሃምሳ ሳንቲም ያሳልፈው ጀመር። ስለዚህ ክቡ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ወጣ ገባ ያለው ተተካ፤ የመጀመሪያዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ በጥድፊያ የተቆረጡ ናቸው። የእኛዋ ስሙኒ ጠርዟ እንዳይሆን ሆኖ የተቀረደደ ስለሆነ፣ ሰብሳቢያችን «ከነዚያ አንዷ ናት» ብሎ ሊምል ይደርሳል። እኔ አልማልኩም።

አሁን ወደ ሚያዝያው ጉዟችን ልምጣ። ዕቅዳችን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነበር። ለመኪና የጠየቅነው ገንዘብ «ለጊዜው በጀት የለም» ተብሎ ተመለሰ። (በዚያው ሳምንት የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ ለብሷል። ደስ ብሎናል፣ ቡድኑ የሁላችንም ነው።) ስለዚህ በእግራችን ወረድን፤ ከትምህርት ቤቱ ሃያ አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ ሰፈር ወዳሉ አንድ አረጋዊ አንጥረኛ።

ከልጆቹ መካከል አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ዓመቱን ሙሉ ከአሥር ቃል በላይ ስትናገር አልሰማሁም። የክበባችን ትልቁ ሀብት ግን የእሷ ነበር፦ አያቷ ከሠርጋቸው ጀምሮ አንገታቸው ላይ ያደረጉት፣ ማንጠልጠያ የተበየደለት ጠገራ ብር። አልበሙ መሐል ገጽ ላይ ያስቀመጥነው እሱን ነው፤ ርዕሰ መምህሩ እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያሳዩትም እሱን ነበር።

አንጥረኛው ተቀብለው ገለበጡት። በእግዚአብሔር ስም፣ ምነው ባልተቀበሉት አልኩ ኋላ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዞሩት። «እዚህ ላይ ጽሑፍ ነበረው፤ ይኼ ለስላሳ ነው» አሉ። እውነተኛው ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለው። ቀጥለው ሚዛን ላይ አኖሩት። ጠገራ 28 ግራም ከምናምን ነው። የልጅቷ ማንጠልጠያው ተጨምሮ እንኳ 23 አልሞላም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ይቺ ለጌጥ ተብላ የተሠራች ናት» አሏት። ከመሳቢያቸው እውነተኛውን አውጥተው በቀኝ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት፤ በግራዋ የአያቷ።

ሠላሳ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ሁለቱን እጆቿን ለረጅም ጊዜ ከፍ ዝቅ እያደረገች ቆየችና «አባባ፣ እኔም ሳልመዝነው ይለያል» አለች። ከዚያ መዝገቡን ከጸሐፊያችን ተቀበለች። ጥቅምት ላይ «ማርያ ትሬዛ፣ ብር፣ 1780» ተብሎ ከተጻፈው ሥር በራሷ እጅ እንዲህ ጻፈች፦ «ፎርጅድ። ክብደት 22.6 ግራም። ጠርዙ ልስልስ። የአያቴ።» ቃል በቃል ይኸው ነው። የመጨረሻዋን ቃል ሳነብ አጉሊ መነጽሩን የማጸዳ መስዬ ዞር አልኩ።

ስንመለስ ከአልበሙ መሐል ገጽ እናንሳው ወይ የሚል ክርክር ተነሣ። ድምፅ ተሰጠ፣ ሃያ ስድስት ለአራት እዚያው እንዲቆይ ተወሰነ። የወላጆች ቀን ዐውደ ርዕይ ላይ ብዙ ሰው የቆመው እሱ ዘንድ ነው፤ ከጎኑ ያለችውን ተበስታ አንገት ላይ የዋለች የምኒልክ ግርሽ እንኳ ያየ ጥቂት ነው። የልጅቷ አያትም መጥተው ነበር። ካርዱን አስነብበው ሰሙና «ታዲያ ሰርጌስ የውነት ነው» ብለው ሳቁ።

ጉድለታችንን ልናገር። ጥር ላይ ለእረፍት ስንወጣ የተውናት የካርቶን ሣጥን ስንመለስ አልነበረችም። አሥራ አራት ሳንቲም ሄደ፤ ጥፋቱ ቁልፍ የሌለው ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጣችን ነው። ሁለት ወላጆችም በዚህ ምክንያት የሰጡትን መልሰው ወስደዋል፣ አልፈርድባቸውም። የጉዳዩ ዋናው ግን ሚዛን ነው። ወርቅ ቤት ያለው ዓይነት ትንሽ ሚዛን ቢኖረን ኖሮ፣ የዚያችን ልጅ ጠገራ ጥቅምት ላይ በራችንን ዘግተን እናውቀው ነበር፤ በሠላሳ ልጅ ፊት፣ በሰው ሱቅ አይሆንም ነበር።

ልጆቹ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ማለት ያውቁ ነበር፣ ቤሳ የምትባለውን የምኒልክ ዘመን መዳብ ግን አንዳቸውም አላዩም። እስካሁንም አላየናትም። ስለዚህ ክበባችን ቤሳ የለውም ስል በሁለቱም በኩል እውነት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የጠየቅነው አንድ ሚዛን፣ ሁለት አጉሊ መነጽርና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ነው፤ የሙዚየሙ መኪና ደግሞ ማሊያው ሲያረጅ ይደርሰን ይሆናል።

እናንተ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ሙዳያችሁ ሥር የተረሳች ቤሳ ብትኖር ዓርብ ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አለን። ሳታጥቧት አምጡልን።