ለእማዬ፦ ስለ ቀዩ መርፌ

ኮምቦልቻ፣ የካቲት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ማክሰኞ በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «ልጄ፣ ተሽሎኛል፤ ሁዳዴም እየገባ ነው፤ መርፌው ይብቃኝ» አልሽ። ከዚያም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ቀዩ መድኃኒት ከከብት ጉበት የተጨመቀ ነው ብለው በሰንበቴ ላይ እንደነገሩሽ አጫወትሽኝ። በስልክ ብመልስልሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ በጽሑፍ አደረግሁት። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

መርፌው ቀይ የሆነው ደም ወይም ጉበት ስላለበት አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ይባላል፤ በመካከሉ ኮባልት የሚባል ማዕድን ይዟል፤ ቀለሙም የራሱ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው በትልልቅ ጋን ውስጥ በባክቴሪያ ነው፤ አንቺ በእርሾ ሊጥ እንደምታቦኪው ማለት ነው። የጉበቱ ወሬ ግን ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1926 ማይኖት እና መርፊ የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች እንደ አንቺ ያለ ደም ማነስ የያዛቸውን ሰዎች በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ ከሞት አተረፏቸው። በ1934 ዊፕል ከተባለው ሌላ ሐኪም ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በጉበቱ ውስጥ ሆኖ ያዳናቸው ቢ12 ተነጥሎ የወጣው ግን በ1948 ነው። ሰንበቴ ላይ የነገረሽ ሰው የያኔውን ከዛሬው ጋር ቀላቅሎታል። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ትጠይቂያለሽ፤ እኔ በእሱ አልገባም። ስትጠይቂያቸው ግን መድኃኒቱ ከምን እንደሚሠራ አብረሽ ንገሪያቸው።

እማዬ፣ ኅዳር ላይ ወደ እኔ ስትመጪ ደምሽን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልነገርሁሽም። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሃሉን በአውራ ጣት እንደ ተጫኑት ድቡልቡል ሊጥ ነው፤ ዳሩ ቀላ ይላል፣ መሃሉ ይፈዛል፣ ሁሉም እኩል ነው። ያንቺ ደም የተቀባበትን መስታወት ሳየው ግን ሴሎቹ ተራርቀዋል፤ ያሉትም ከልክ በላይ ትልልቅ፣ ዕንቁላል የሚመስሉ፣ የመሃል ፍዘታቸው የጠፋ ነበሩ። በአጠገባቸው አስኳሉ ስድስት ቦታ የተቆራረጠ ነጭ የደም ሴል አየሁ። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንሽ 7.1 ብቻ ነበር። ስንት ዓመት የሰው ደም እየመረመርሁ የእናቴን ደም ሳላይ መቆየቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ደም ልብ ውስጥ የሚሠራ ይመስልሻል፤ የልብ ሥራ ግን መግፋት ነው። ደም የሚወለደው መቅኔ ውስጥ ነው። ገና በእናትሽ ማሕፀን ሳለሽ ጉበትሽ ይሠራው ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራው በዋናነት የዳሌሽ፣ የአከርካሪሽ፣ የደረትሽና የጎድንሽ አጥንት ነው። እዚያ አንዲት እናት ሴል ትከፈላለች፣ ልጆቿም ይከፈላሉ፤ በየትውልዱ መጠናቸው እያነሰ፣ ብረት ያለበትን ሄሞግሎቢን እየሞሉ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ፣ ስንት ዓመት ሠርቼም የሚደንቀኝ ይህ ነው፣ ሴሏ አስኳሏን አውጥታ ትጥላለች። ከበው የሚንከባከቧት ሴሎች የተጣለውን ይውጡታል። አስኳል የሌላት ሴል ራሷን ማደስም ሆነ መውለድ አትችልም። ቦታዋን ሁሉ ለሄሞግሎቢን ለቃ፣ ከእሷ በጠበበ የደም ሥር ውስጥ እንኳ ተጣጥፋ እያለፈች፣ 120 ቀን ያህል ኦክስጅን ስታመላልስ ትኖራለች። ስታረጅ ጣፊያና ጉበት ይቀበሏታል፤ ብረቷም አይጣልም፣ ለአዲሶቹ ይተላለፋል። በጤነኛ ሰው መቅኔ በየሴኮንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይወለዳሉ፤ «በስመ አብ» ብለሽ እስክታማትቢ ስንት ሚሊዮን እንደሚሆን አስቢው።

ስንት ይሠራ ብሎ የሚያዘው ኩላሊት ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል መልእክተኛ ወደ መቅኔ ይሰዳል። ያንቺ ኩላሊት በምርመራው ደህና ነበር፤ ትእዛዙ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ሴል ለመከፈል በአስኳሏ ያለውን ዲኤንኤ፣ የዘር መዝገቧን፣ በእጥፍ መገልበጥ አለባት፤ ለዚህም ቢ12 እና ፎሊክ አሲድ የሚባል ሌላ ቫይታሚን ያስፈልጓታል። ቢ12 ሲጠፋ ሴሏ ታብጣለች እንጂ በጊዜው አትከፈልም፤ ኩፍ ብሎ የሚጋግረው ያጣ ሊጥ ከቡሃቃው እንደሚፈስሰው። ብዙዎቹም ከመቅኔ ሳይወጡ እዚያው ይሞታሉ። ዓይንሽ ቢጫ መስሎ ጎረቤቶች «የወፍ በሽታ ነው» ያሉሽ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የፈረሱት ሴሎች ቀለም ነበር። ምላስሽ ልሙጥ ሆኖ በርበሬ ያቃጥልሽ የነበረውም በዚያው ምክንያት ነው።

አንቺ ግን ትንፋሽ ያጥርሽ የነበረውን «የደሴ ዳገት ነው» ትያለሽ። ወደ እኔ ከመምጣትሽ በፊት የታየሽበት ቦታም «ዕድሜ ነው» ብለው መልሰውሻል፤ ያ አሁንም ያናድደኛል። ከሰኞ ገበያ እስከ ቤት ሦስት ጊዜ ቆሞ መተንፈስ ዕድሜ አይደለም። ዳገቱማ ከጦሳ ተራራ ሥር ከተወለድሽ ጀምሮ የወጣሽው ዳገት ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም እንዳልጎደለ አገኘች። ደሴ ከዚያ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አገራችን የሚኖርባትን ሰው ደም አታሳጣም፣ እማዬ።

የመጀመሪያውን መርፌ በወሰድሽ በሰባተኛው ቀን እንደገና ቀዳሁሽ። አዲስ የወጣች ሴል በልዩ ሰማያዊ ቀለም ስትነከር በውስጧ የቀጭን ክር ቁርጥራጭ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ከመቅኔ በወጣች በአንድና በሁለት ቀን ይጠፋል። በኅዳሩ መስታወት እነዚህን በመከራ ነው ያገኘኋቸው። በዚህኛው ግን ዓይኔን ባሳረፍሁበት ሁሉ ነበሩ። ቆጥሬ ስጨርስ ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየኋት፤ «የማን ነው?» አለችኝ። «የእናቴ» አልሁ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻልሁም።

አሁን 12.4 ደርሰሻል፤ ተሽሎኛል ያልሽው እውነት ነው። ያሻለሽ ግን መርፌው ነው። ቢ12 በምግብ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ነው፤ ሆኖም ጥፋቱን በጾምሽ ላይ አልጭንም። በፍስክ ትበያለሽ፤ ጉበትም ለዓመታት የሚበቃ ያስቀምጣል። ሐኪሙ እንዳስረዳን ጨጓራሽ ቢ12ን እያጀበ ወደ አንጀት የሚያደርሰውን ፕሮቲን መሥራት ተወ። ያለ አጃቢው የምትበይው ቢ12 አብዛኛው እንዲሁ ያልፋል። ጨጓራሽ ወደ ቀድሞው ስለማይመለስ በወር አንዴ በመርፌ መስጠት የግድ ነው፤ ሁዳዴ ሲገባም፣ ሲፈታም፣ ከዚያ በኋላም።

ከደሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ነርቭሽ ነው። ጫማሽ ከአንድ እግርሽ ወልቆ ሳታውቂው ግቢውን አቋርጠሽ ስትሄጂ ያየሁትን አልረሳውም። ቢ12 የነርቭን ሽፋንም ይጠብቃል። የተጎዳ ደም በሳምንታት ይታደሳል፤ ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ነርቭ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ፎሊክ አሲድ ብቻ የሚወስድ ሰው ደሙ ተሻሽሎ ነርቩ ሲጎዳ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ጎረቤት «ይህኛው ክኒን ይበልጣል» ቢልሽ ሳትነግሪኝ አትዋጪ። የእግርሽ መደንዘዝ ወደ ጣቶችሽ ጫፍ ወርዷል ያልሽኝ ዕለት ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁ። ወደ ላይ እንዲመለስ አልፈልግም።

ቅዳሜ በጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እመጣለሁ። መድኃኒቱን ይዤ ስለምመጣ ወደ ጤና ጣቢያው አብረን እንሄዳለን። ቡናሽን አልከለክልሽም፤ ተወግተሽ ስንመለስ ታፈያለሽ፣ እስከ በረካው ቁጭ ብዬ እጠጣለሁ።

ልጅሽ