የተሰረዘው −3

ሚጣዬ፣

ካርድሽን አየሁት። ፊዚክስ ከ68 ወደ 91፣ ሒሳብ 94፣ ከክፍል 2ኛ። እናትሽ ከትናንት ጀምሮ ሳቢያን ውስጥ ያልነገረችው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ደረቴን የነፋሁት ግን ጠርዙ የተቀዳደደውን የስህተት ደብተርሽን ሳገላብጥ ነው።

ሎግ (ኤክስ − 2) + ሎግ (ኤክስ + 1) = 1 የሚለው ጥያቄ ላይ ቆየሁ። ሲፈታ 4 እና −3 ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ ሁለቱንም መልስ ብሎ ያልፋል። አንቺ −3ን መልሰሽ ተክተሽ፣ ቅንፉ ውስጥ −5 ሲመጣ «ኔጌቲቭ ሎግ የለውም» ብለሽ ሰርዘሽዋል። ያቺ አንድ መስመር ከ94ቱ ትበልጥብኛለች።

የባቡሩም እንዲሁ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ፍጥነቱን በሰከንድ ስኩዌር 2 ሜትር እየቀነሰ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ሲሰላ፣ መጀመሪያ 72ን ወደ 20 ሜትር በሰከንድ ካልቀየርሽ መልሱ 1296 ሜትር ይሆናል፤ ትክክለኛው 100 ነው። በመጀመሪያው ስሌት ለገሃሬ መቆም የነበረበት ባቡር ጣቢያውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አልፎ ነው የሚቆመው! ከጎኑ «ዩኒት» ብለሽ በቀይ ጽፈሻል። የስህተቱን ዓይነት መለየት ማለት ይኸው ነው፦ ያላወቅሽው፣ ጥያቄውን በችኮላ ያነበብሽው፣ ስሌቱ ያመለጠሽ። ያላወቅሽውን መጽሐፍ ይፈውሰዋል፤ ሌሎቹን ልምምድ ብቻ።

ኬሚስትሪ 79 ነው፣ አልከፋኝም። የጎደለሽ ሊሚቲንግ ሪአክታንት፣ ማለትም ቀድሞ አልቆ ውህደቱን የሚያቆመው ንጥረ ነገር ላይ ነው። 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ 36 ግራም ውሃ ብለሻል። የገባው ጠቅላላ 20 ግራም ሆኖ 36 ከየት ይመጣል? ኦክስጅኑ 0.5 ሞል ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል፤ ውሃው 18 ግራም፣ የሚተርፈው ሃይድሮጅን 2 ግራም። ከማጥቆርሽ በፊት የገባውንና የወጣውን ክብደት ደምሪ፣ 10 ሰከንድ አይፈጅም።

የተሳሳትሽውን ጥያቄ መልሱን ሸፍነሽ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ድገሚው። በተከታታይ ሁለቴ ካገኘሽው ሰርዥው። ለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይበቃል። በድሬ ሙቀት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አዲስ ምዕራፍ መክፈት ዓይንን ማድከም ነው፤ ያኔ ተኚ።

የሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ነሽ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሹን ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም፤ እዚያ ያለ ስልክና ያለ እኛ ስለምትቀመጪ፣ ከአሁኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓት ይዘሽ 60 ጥያቄ በ2 ሰዓት ሥሪ። ያልገባሽን ዝለይ፣ ግን መልስ ወረቀቱ ላይም መስመሩን ዝለይ። 17ን ዘለሽ 18ን በ17 መስመር ካጠቆርሽ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን አመሳክሪ።

ደብተርሽ 6 ገጽ ነው የቀረው። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ አዲስ ደብተር ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጫለሁ። ከአሮጌው ያልተሰረዙት 11 ጥያቄዎች ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን ገልብጪ።

አባትሽ